ሁለት እባብ አንድ ሳጥን ውስጥ፦ ይለያዩ ወይስ አብረው ይኑሩ?

የሆጤ ልጅ፦ ያ ጀማዓ እስቲ ፍረዱን። ጀርመን ያለው ወንድሜ እባብ ያሳድጋል ብያችሁ ነበር አይደል፣ ቦል ፓይተን የሚሉት፣ መርዝ የለውም ሲፈራ እንደ ኳስ ጥቅልል ነው የሚለው። አንድ ነበረው፣ ባለፈው ወር ሁለተኛ ገዛና እዛው መስታወት ሳጥን ውስጥ ጨመረው። ትናንት ፎቶ ላከልኝ፣ አንድ መደበቂያ ስር ሁለቱም ተጠቅልለው አንደኛው አገጩን የሌላው ጀርባ ላይ ጣል አድርጎ። «አየህ እንዴት እንደሚዋደዱ» ይለኛል። ለያያቸው ስለው የወሎ ልጅ ሆነህ አብሮ መኖርን ትቃወማለህ ብሎ አፌን አስያዘኝ። እናንተስ?

ቧንቧ ውሃ፦ ቆይ መጀመሪያ ድመት ጠፍቶ ነው?

የኮምቦልቻው ሹፌር፦ አብረው ይኑሩ። ሰው እንኳን ብቻውን ሲዘጋበት ያብዳል ወላሂ። አንድ ሳጥን ውስጥ ዕድሜ ልክ ብቻውን ማስቀመጥ ግፍ ነው።

ቲቸር፦ በፎቶው አትሸወዱ። ሐምሌ ላይ ደሴ ውስጥ አንድ የከሰል ምድጃ ዙሪያ ስድስት ሰው ትከሻ ለትከሻ ተጣብቆ ብታዩ ፍቅር ነው ትላላችሁ? ብርድ ነው እንጂ። እባብ ሙቀቱን የሚያገኘው ከውጭ ነው፣ ለዚህኛው ዘር ሞቃቱ ጎን 32 ዲግሪ አካባቢ ቀዝቃዛው ደሞ 26 አካባቢ ይደረግለታል፣ ምቹ ቦታው አንድ ብቻ ከሆነ ሁለቱም እዛው መሄዳቸው ነው፣ ትልቁ ከላይ ይተኛል ትንሹ ወይ ከስር ይጨፈለቃል ወይ ብርዱ ላይ ይቀራል። እንደ ውሻ አይጣሉም ስለዚህ አታዩትም። የተጨነቀ እባብ ዝም ብሎ መብላት ነው የሚያቆመው።

ከሐረጎ በላይ፦ ቲቸር ይቅርታ ግን በ2024 ካናዳ የተሰራ ጥናት አለ፣ እዚሁ ቦል ፓይተን ላይ። ስድስት ስድስት ወጣት እባብ ትልቅ ሳጥን ውስጥ ለ10 ቀን አስቀመጡ፣ ለሁሉም የሚበቃ መደበቂያ ሰጥተው። አብዛኛውን ጊዜ አንዱ ውስጥ ታጭቀው ነው የተገኙት፣ እሱን ሲያነሱባቸው ተያይዘው ሌላው ውስጥ ገቡ። ምድጃው አንድ ስለሆነ ነው የሚለው እዚህ ጋ አይሰራም።

ቲቸር፦ አንብቤዋለሁ፣ ልክ ነህ፣ ይሄ ዘር ብቸኛ ነው እያልን የኖርነውን አናግቶታል። እኔም በፊት እንደምለው አፌን ሞልቼ አልናገርም። ግን 10 ቀን ሌላ 20 ዓመት ሌላ፣ ደሞ እነሱ በካሜራ ቀን ከሌት ሲከታተሉ ነበር፣ የሆጤው ወንድም ስራ ውሎ ማታ ነው የሚያያቸው።

የሆጤ ልጅ፦ እሺ ሲበሉ ብቻ ቢለያዩስ?

ቲቸር፦ ከምንም ይሻላል። ሁለት እባብ አንድ አይጥ ከነከሱ የሚለቅ የለም። እኛ ወሎ አንድ መሶብ ቀርበን እንጎራረሳለን፣ እባብ መጎራረስ አያውቅም። ግን በልቶ ገና ሆዱ ሳይረጋ አንስተህ ስትመልሰው ሊያስመልሰው ይችላል፣ ጓደኛውም አይጥ አይጥ ይሸተዋል። ደሞ ወንድና ሴት ከሆኑ እንቁላሉ ሲመጣ ምን ሊያደርገው ነው?

እትዬ ዶሮ፦ እኔ ስለ እባብ አላውቅም ስሙም ይቅርብኝ። ግን አምና ከሰኞ ገበያ ሦስት ቄብ ገዝቼ ያን ዕለቱን ከነባሮቹ ጋር ቀላቀልኳቸው። በሳምንቱ አንዷ አይኗ አብጦ ክንፏን ጥላ ቆመች፣ ከዛ ሌላዋ፣ ከዛ ሌላዋ፣ አስራ አንድ ዶሮ በቆጥ ላይ አለቀብኝ። ከማን እንደጀመረ እስካሁን አላውቅም። አዲስ የመጣ ነገር ለብቻው ይቆያል ልጆቼ።

ቲቸር፦ እትዬ እግዜር ይስጥልኝ፣ ዋናውን ነገር እሳቸው ተናገሩት። እባብም ላይ ቅርፊቱ ስር የሚገባ ጥቃቅን ደም መጣጭ ተባይ አለ፣ ከአንዱ ወደ አንዱ ለመዛመት ጊዜ አይፈጅበትም። አዲስ እባብ ሌላ ክፍል ሁለት ሦስት ወር ነው የሚቆየው።

የሆጤ ልጅ፦ አሁን ደወልኩለት። መጨረሻ የበላው የትኛው ነው ስለው ዝም አለ። ለካ የሞተች አይጥ ማታ ያስቀምጥና ጠዋት ሲነሳ የለችም፣ በቃ «በልተዋል» ይላል። ኩስ ሲያገኝም የማን እንደሆነ አያውቅም። እኔ ስልኩን እንደያዝኩ የወጥ ቤት ሚዛን አውጥቶ መዘናቸው፣ አዲሱ ሲገዛ 640 ግራም ነበር ዛሬ 550 ሆኗል። አሮጌው ጨምሯል። እማዬ ከጎኔ ሆና ትሰማ ነበር፣ «ለያያቸውና አንተ ሚስት ፈልግ በለው» አለች።

የኮምቦልቻው ሹፌር፦ አዲስ ቤት የገባ ሁሉ ይከሳል እኮ፣ እኔ ሪያድ ስገባ ስድስት ኪሎ ነው የቀነስኩት ማንም አይጤን አልወሰደብኝም።

ቲቸር፦ ሊሆን ይችላል፣ ይሄ ዘር ቦታ ሲቀየርበት ወራት ሳይበላ ይቆያል። ለብቻው ቢሆን ግን ያን ማወቅ ትችላለህ፣ አይጧ ጠዋት እዛው ካለች አልበላም ማለት ነው። አሁን ግን ጓደኛው ነጥቆት ይሁን አገር ናፍቆት ይዞት ይሁን በምን ትለየዋለህ?

የኮምቦልቻው ሹፌር፦ እሺ ይለያዩ፣ ግን ሳጥኖቹን ጎን ለጎን ያድርግላቸው።

የሆጤ ልጅ፦ ሁለተኛውን ሳጥን ዛሬ አዟል፣ እስኪመጣ አዲሱን ክዳን ያለው የልብስ ፕላስቲክ ውስጥ ጎኑን በስቶ ከነማሞቂያው አስገብቶታል። ፎቶ ልላክ?

ቧንቧ ውሃ፦ አትላክ። ያለፈውን አይቼ ነው ሌሊቱን ሙሉ ብርድ ልብሴን ስፈትሽ ያደርኩት።