ለጋራ ፕሮፖዛላችን፦ ከዘሩ ሳይሆን ከሽያጩ እንነሳ

አስተባባሪ፦
ሰላም ለሁላችሁም። በአኩሪ አተር አምራች ማኅበሮቻችን የጋራ ፕሮፖዛል ረቂቅ ላይ የላካችሁትን አስተያየት አንብቤዋለሁ። ረቂቁ የሚነሳው ከምርታማነት ነው፤ ምርጥ ዘር፣ ማዳበሪያ፣ ሥልጠና ይላል። ብዙዎቻችሁ ግን ምርት ሲጨምርም አኩሪ አተር አምራቹ ከዕዳ አልወጣም ብላችኋል። ታዲያ መነሻችን ምን ይሁን?

ከሽያጭ ኮሚቴ፦
እኔ ከሽያጩ እንነሳ ባይ ነኝ። በቆሎ ያመረተ ሰው ዋጋ ቢወድቅበት ቢያንስ ቤተሰቡ ይበላዋል። አኩሪ አተር በጥሬው የፕሮቲን መፈጨትን ስለሚያውክ በደንብ መብሰል አለበት፤ ዘይቱም ያለ መጭመቂያ አይወጣም። ስለዚህ አብዛኛው ምርት ወደ ዘይት ፋብሪካና ወደ መኖ ማቀነባበሪያ ይሄዳል። ሻጩ ብዙ፣ ገዢው ጥቂት ነው።

ሰብሉ ራሱ ጊዜ አይሰጥም። አጨዳው ከዘገየ ቅርፊቱ ይፈነዳና ፍሬው መሬት ላይ ይረግፋል። ለማጨድ መቸኮል ግድ ነው። ለመሸጥ የሚያስቸኩለን ግን ለዘርና ለአረም የተበደርነው ገንዘብ ነው፤ ሁሉም ዕዳውን ለመክፈል በአንድ ሳምንት ገበያ ሲወጣ ዋጋውን እኛው እናወርደዋለን። ሚዛኑም የእርጥበት ልኬቱም በገዢው እጅ ነው። ፍሬውን በጥርሱ ነክሶ «ገና እርጥብ ነው» ካለ ከኩንታሉ ላይ ይቀንሳል፤ ገበሬው መከራከሪያ የለውም። ከ13 በመቶ በታች የደረቀ እህል በጥሩ መጋዘን ለወራት ይቆያል። የጋራ መጋዘን፣ የራሳችን መለኪያ፣ የተከማቸውን እህል መያዣ አድርጎ በመጋዘን ደረሰኝ የሚገኝ ብድር፤ የፕሮፖዛሉ ምዕራፍ አንድ ይህ ቢሆን እላለሁ።

ከነባር አባላት አንዱ፦
ልክ ብለሃል ልጄ፣ አንድ ነገር ግን ጨምርበት። የዚህ እህል ዋጋ ከእኛ በጣም ርቆ፣ አሜሪካ ውስጥ ባለው የቺካጎ የእህል ገበያ ላይ ይንቀሳቀሳል። እ.ኤ.አ. በ2018 ቻይና በአሜሪካ አኩሪ አተር ላይ የ25 በመቶ ተጨማሪ ቀረጥ ስትጥል የአሜሪካ ገበሬ ዋጋ ወረደበት፤ ቻይና ግዢዋን ይበልጥ ወደ ብራዚል አዞረች። ለአሜሪካ ገበሬ መንግሥቱ ካሳ ከፈለ። ካሳ የሚከፍለው የሌለ ገበሬ ሁሉንም አከማችቶ ቢጠብቅና ዋጋው ጭራሽ ቢወርድስ? ወለዱ ደግሞ አይቆምም። አባሉ ዕዳውን የሚሸፍንለትን ያህል ወዲያው ይሽጥ፣ የቀረውን በየተራ። ይህ በግልጽ ይጻፍ።

አስተባባሪ፦
እናመሰግናለን ጋሼ፣ ይገባል።

ከሴቶች ተወካይ፦
የመጋዘኑን ሐሳብ እደግፋለሁ፤ እንዲሁ ከተጻፈ ግን አልፈርምበትም። ደረሰኙ የሚቆረጠው በአባሉ ስም ይሆናል። በብዙ ቤት አባሉ ባልየው ነው፤ አረሙን የምታርመው፣ ስትወቃና ስታበጥር የምትውለው እሷ ናት። ደረሰኙ ለብድር መያዣ ከሆነ ደግሞ፣ ዛሬ ክፍያው እንደሚያልፋት ነገ ብድሩም ያልፋታል። የቤተሰቡ አባልነት በሁለቱም ስም ይመዝገብ፤ ያለ ሁለቱ ፊርማ እህሉ መያዣ አይሁን። ማሳ የሌላቸው የቀን ሠራተኞችም አሉ፣ እነሱን ረቂቁ ጨርሶ አላነሳቸውም።

ከዘር ኮሚቴ፦
እኔ አጭር ነኝ። ዘሩን ከሚሸጠው እህል ጋር አታከማቹብን። የአኩሪ አተር ዘር በሙቀትና በእርጥበት ቶሎ የመብቀል አቅሙን ያጣል፤ ለፋብሪካ የሚሆን እህል ለዘር ላይሆን ይችላል። የተለየ ቀዝቃዛ ክፍል ይያዝልን፣ ከመከፋፈሉ በፊትም ብቅለቱ ይፈተሽ። ተክሉ ከአየር ናይትሮጅን እንዲያገኝ ከዘሩ ጋር የሚታሸው ባክቴሪያም ሕይወት ያለው ነገር ስለሆነ ፀሐይ ላይ ከዋለ ይሞታል። ያልበቀለ ዘር የገዛ ሰው ዕዳው ገና ሳይዘራ ይጀምራል።

አስተባባሪ፦
እንግዲህ ምዕራፍ አንድ መጋዘንና ብድር ይሆናል፤ በከፊል መሸጥ፣ የሁለት ስም ምዝገባና የዘር ክፍሉ እዚያው ይገባሉ። የቀን ሠራተኞቹን ጉዳይ የሴቶች ተወካይዋ በአንድ ገጽ ይጻፉልን። እያንዳንዱ ማኅበር ሁለት ነገር ይላክልኝ፦ በመኸር ወቅት የሚከፈለው የአባላት ዕዳ ምን ያህል እንደሆነና ለማን እንደሚከፈል። ያልተነጋገርንበት አንድ ጥያቄ ይቀራል፦ መጋዘን ውስጥ እህል ቢበላሽ ኪሳራው የማን ነው? በሚቀጥለው ውይይት ከዚህ እንጀምር።