ሦስት ዕዳ፣ በወር 1,500 ብር፦ የቱ ይቅደም?

ቆጣሪው፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሦስት ዕዳ አለ። አንዱ 20,000 ብር፣ ወለዱ በወር 2 በመቶ፣ ዝቅተኛ ክፍያው 500። ሁለተኛው 6,000፣ በወር 1 በመቶ፣ ክፍያው 300። ሦስተኛው ከዘመድ ያለ ወለድ የተወሰደ 4,000። ለሁሉም በወር የሚገኘው 1,500 ነው። የቱ ይቅደም? ሌላው ጥያቄ፣ የወጪ መዝገብ ሁሌ ሁለተኛው ሳምንት ላይ የሚቋረጠው ለምንድን ነው?

ስሌት፦
ባለ 2 በመቶው ይቅደም። 500 ብቻ ከከፈልክ የመጀመሪያው ወር ወለድ 400 ስለሆነ ከዋናው የሚቀነሰው 100 ነው። በዚህ አያያዝ 82 ወር ይፈጃል፣ በድምሩም ከ40,000 በላይ ትከፍላለህ። 1,000 ብትከፍል ግን በ26 ወር ያልቃል። ክፍያው እጥፍ ሆኖ ጊዜው ከሲሶ በታች የወረደው የተጨመረው 500 በሙሉ ዋናውን ስለሚነካ ነው።

ስለዚህ 1,000 ለሱ፣ 300 ለሁለተኛው፣ 200 ለዘመድ። የዘመድ ዕዳ ወለድ የለውም ተብሎ ዝም ከተባለ ያቀያይማል፤ 200ዋ በየወሩ ቀኗን ጠብቃ ትድረስ። አንዱ ሲዘጋ የሱ ክፍያ ወደ ቀሪው ይዙር። እንዲህ ከሄደ ሦስቱም በ25ኛው ወር ይዘጋሉ።

የኪስ ደብተር፦
መዝገቡ የሚቋረጠው ማታ ማታ ከትዝታ ስለሚጻፍ ነው። ሁለት ቀን ካመለጠ ሰው ተስፋ ቆርጦ ይተወዋል። ገንዘቡ ከእጅ ሲወጣ እዚያው ጻፈው፤ ምድቡም ከአራት አይብለጥ። በሳምንቱ መጨረሻ በእጅህና በሂሳብህ የቀረውን ቁጠር። ከመዝገቡ ጋር ካልገጠመ ልዩነቱን «ያልታወቀ» ብለህ ጻፍና ቀጥል፣ ወደኋላ ተመልሰህ አትፈልግ።

የወር በጀትን ለአራት ሳምንት ማካፈልም ስህተት ነው። ለምሳሌ የ6,000 ብር የወር በጀትን ለ4 ብታካፍል በሳምንት 1,500 ይደርሳል፣ ለ29ኛውና ለ30ኛው ቀን ግን ምንም አይተርፍም። ብድር የሚጠየቀውም በነዚያ ቀናት ነው። በቀን 200፣ በሳምንት 1,400 አድርገህ ያዘው።

ረጋ በል፦
በስሌት ሐሳብ እስማማለሁ፣ ግን ተጨማሪ ክፍያ ከመጀመርህ በፊት የአንድ ወር 1,500 ለብቻው ይቀመጥ። አንድ ክፍያ ቢያልፍ ቅጣት ይመጣል፣ ቅጣቱን ለመክፈል ደግሞ አራተኛ ዕዳ ይገባል። ውሉንም እየው፦ ወለዱ የሚታሰበው በቀሪው ላይ ነው ወይስ መጀመሪያ በተበደርከው ላይ?

ቆጣሪው፦
ልዩነቱ ምን ያህል ነው?

ረጋ በል፦
ብዙ ነው። 12,000 ብር ለአንድ ዓመት በመጀመሪያው ገንዘብ ላይ 10 በመቶ ቢታሰብ ወለዱ 1,200፣ ወርሃዊ ክፍያው 1,100 ይሆናል። ዋናው በየወሩ እየቀነሰ ወለዱ ግን ስለማይቀንስ፣ በቀሪው ላይ ቢሰላ ወደ 18 በመቶ የሚጠጋ ነው። እንዲህ ባለው ብድር ቀድሞ መክፈል ወለዱን ላይቀንስልህ ይችላል። አበዳሪውን «ዛሬ ብዘጋው ስንት ልክፈል?» ብለህ ጠይቅና መልሱን በጽሑፍ ተቀበል። ትርፍ ስትከፍልም «ከዋናው ይቀነስ» ብለህ አስመዝግብ፤ ካልሆነ የመጪው ወር ክፍያ ተደርጎ ይያዝና ዋናው እንዳለ ይቆያል።