ጥቆማ፦ ለሮቶ ማማ ውሃ የማያስገባ ቅብ፣ ድሬዳዋ

ጠያቂ (ሳቢያን)፦ 2,000 ሊትር ሮቶ የተሸከመው የአንግል ብረት ማማ፣ እግሩ ከቤቶኑ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ዝጓል። ቧንቧው ስለሚያንጠባጥብ ሁሌም እርጥብ ነው። አንቲረስትና ሲንተቲክ (ዘይት ነክ ቀለም) ይሻላል ወይስ ባለሁለት ጣሳው ኢፖክሲ? ከየት ልግዛ?

ብየዳ ቤት፦ ለእርጥብ ቦታ ኢፖክሲ። ዝገቱን ግራይንደር ላይ በሚገጠም ሽቦ ብሩሽ ብረቱ እስኪያበራ አንሳ፣ በቲነር ጥረግ፣ በዚያው ቀን ቀባ። ቀለም ከስለታም ጠርዝ ይሸሻል፤ ስለዚህ ጠርዙንና ብየዳውን መጀመሪያ ለብቻው በብሩሽ እለፍበት፣ ከዚያ ሙሉውን ሁለት ዙር። ሃርድነሩን (ማጠንከሪያውን፣ ሁለተኛውን ጣሳ) በዓይን አትገምት፣ ጣሳው ላይ በተጻፈው ልክ ለካ። በእኛ ሙቀት ቶሎ ስለሚጠጥር ጥቂት ጥቂት በጥብጥ። ሥራው ጠዋት ነው፤ ቀትር ላይ የጋለ ብረት ቲነሩን ቶሎ ያተነውና ቅቡ ይቋጥራል። ኢፖክሲ ፀሐይ ላይ ዱቄት ያወጣል፣ ከላዩ ፀሐይ የሚችል ፖሊዩሬቴን ቀለም ደርብበት።

የቀፊራ ልጅ፦ አቦ ቀፊራ ደንበኛዬ ጋ ሂድ፣ ሌላ ጋ አትልፋ።

ባለ በር፦ ሲንተቲክ የሚባል አትንኩ! አንድ ቀለም ቤት «የብረት ነው» ብሎ ሸጦልኝ፣ የጋልቫናይዝድ (ዚንክ የተለበጠ) ብረት በሬ ዓመት ሳይሞላው እንደ ሽንኩርት ተላጠ።

ብየዳ ቤት፦ ሲንተቲክ ውስጥ ያለው ዘይት ከዚንክ ጋር በእርጥበት ተዋህዶ ሳሙና ይሆናል፣ ስለዚህ ይላጣል። ጋልቫናይዝድ የራሱ ፕራይመር (የመጀመሪያ ቅብ) አለው። የጠያቂው ግን ጥቁር ብረት (ዚንክ ያልተለበጠ) ነው።

የቀፊራ ልጅ፦ ደንበኛዬ እንዲህ አይነት ስህተት አይሠራም።

ባለ በር፦ የባለሱቅ ደግነት ዝገት አያቆምም! ጣሳው ላይ ያለውን አንብቡ።

ባጃጅ፦ ለባጃጅ ሆድስ? የተቃጠለ ዘይት እየቀባን ነው።

ብየዳ ቤት፦ ተው። ጎማ ነክ ዕቃዎችን ያሳብጣል፣ አቧራም ይለጥፋል፤ አቧራው እርጥበት ይዞ ይቀመጣል። ለሆድ የሚሆነው ሬንጅ ነክ ቅብ ነው፣ ያውም ታጥቦ በደንብ ከደረቀ በኋላ።

ከዚራ፦ ውሃ የሚያንከባልለው ስፕሬይስ?

ብየዳ ቤት፦ ውሃን የሚያንከባልሉት በዓይን የማይታዩ ጉብታዎች ናቸው፤ እጅና አሸዋ ከፈተጋቸው ያልቃሉ። ብቻውን ለማማ እግር አይበቃም።

ጠያቂ፦ ሮቶው ሞልቶ እያለ መሥራት ይቻላል?

ብየዳ ቤት፦ ሙሉው ሁለት ቶን ነው፣ ባዶ አድርገው። ቧንቧውን ጠግን፣ እግሩን በመዶሻ መታ መታ አድርግ። ቅርፊቱ ረግፎ ብረቱ ከሳሳ ቅብ አያድነውም፤ ደግፈህ ያን ክፍል ቆርጠህ አዲስ አንግል አስበይድ። ቤቶኑንም በእግሩ ዙሪያ ወደ ውጭ አዘቅዝቀው፣ ውሃ እንዳይተኛበት።