የስቶክሆልም ዒሻ በየትኛው ስሌት ይሰገድ?

አሰላሙ ዐለይኩም። የምጽፈው ከአዳማ ነው፤ ጥያቄው ግን ስቶክሆልም አውቶቡስ የሚነዳውን ታናሽ ወንድሜን ይመለከታል። መዝሀባችን (የምንከተለው የሃይማኖት ሕግ ትምህርት) ሻፊዒይ ነው።

እዚህ ዒሻ (የሌሊቱ ሶላት) የሚገባው ከመግሪብ (ፀሐይ ስትጠልቅ ከሚሰገደው) አንድ ሰዓት ከሩብ ገደማ ቆይቶ ነው። እዚያ ሰኔ 14 አካባቢ ፀሐይ በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 4:08 ጠልቃ ከሌሊቱ 9:31 ትወጣለች። እኩለ ሌሊት ላይ እንኳ ከአድማስ በታች የምትወርደው 7 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው፤ የዒሻ ስሌት ደግሞ 17 ወይም 18 ይፈልጋል። ስለዚህ ሸፈቁ (ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ሰማይ ላይ የሚቀረው ብርሃን) ጨርሶ ሳይጠፋ ይነጋል።

የሶላት ሰዓት የሚያሳየው የስልክ አፕ ላይ ስሌቱን እየቀያየርን ሞከርን። «እኩለ ሌሊት» የሚለው ዒሻን 6:50 ላይ ያደርገዋል፤ የሰፈሩ መስጂድም የሚሰግደው በዚሁ ነው። «አንድ ሰባተኛ» የሚለው 323 ደቂቃ የሆነውን ሌሊት ለሰባት ከፍሎ ከመግሪብ 46 ደቂቃ በኋላ፣ ማለትም 4:54 ላይ ያስገባዋል፤ ፈጅር (የንጋቱ ሶላት) 8:45 ይሆናል። ወንድሜ ለሥራ ከቤት የሚወጣው 9:30 ነው። የመስጂዱን ጀማዓ (የጋራ ሶላት) ከጠበቀ ሦስት ሰዓት እንኳ ሳይተኛ ሰው ጭኖ ይነዳል፤ የሚያስጨንቀኝም ይኸው ነው። ከመግሪብ ጋር እንዳያጣምረው፣ በመዝሀቡ የታወቀው አቋም ማጣመርን ለጉዞና ለዝናብ ነው የሚፈቅደው። ዒሻን በአንዱ ስሌት፣ ፈጅርን በሌላው መውሰድም ልክ አይመስለኝም።

የመስጂዱን ሰሌዳ ትቶ፣ በሥራ ቀናት ዒሻንም ፈጅርንም በአንድ ሰባተኛው ስሌት ቤቱ ቢሰግድ ሶላቱ በወቅቱ እንደተሰገደ ይቆጠርለታል?