የኋላው ረድፍ እየዘገየብን ነው፤ ምን ይሻላል?

ሰላም ወገኖች። ቅዳሜና እሁድ ጠዋት ባሕር ዳር ላይ፣ ጣና ሐይቅ ላይ የምንቀዝፍ ጓደኛሞች ነን። አቀማመጣችን የድራጎን ቦት (ከቻይና የመጣ ረጅም የቀዘፋ ጀልባ) ነው፦ 10 ቀዛፊ ሁለት ሁለት ሆኖ፣ ከፊት ከበሮ መቺ፣ ከኋላ መሪ ያዥ። ጉልበት ሞልቷል። አንድ ላይ መቅዘፉ ግን አቃተን። የፊተኞቹ መቅዘፊያ ውሃ ሲገባ የመጨረሻዎቹ ገና አየር ላይ ናቸው። ከዚያ ቋ! መቅዘፊያ ከመቅዘፊያ ይጋጫል። ከበሮውን ትታችሁ የፊት ጥንዶቹን በዓይን ተከተሉ ብንልም፣ ፍጥነት ስንጨምር ሁሉም ይረሳዋል። ታንኳ ላይ ያደገው ልጅማ ግራና ቀኝ ማፈራረቅ ስለለመደ በአንድ ጎን መቅዘፉ ጭራሽ አልዋጥ ብሎታል። ከሰዓት ነፋስ ስለሚነሳ ጊዜያችን አጭር ነው። ረድፍ በረድፍ እናለማምድ ወይስ ሁሉንም ባንዴ? ረጃጅሞቹንስ የት እናስቀምጣቸው? የሞከራችሁት ካለ እባካችሁ ንገሩን።