ከአሽበርን ዋሽንግተን በባቡር፦ አንድ መኪና፣ ሁለት ሠራተኛ

ጠያቂ (አዲስ የአሽበርን ነዋሪ)፦
ጤና ይስጥልኝ ወገኖች። በቅርቡ ከአሌክሳንድሪያ ወደ አሽበርን፣ ቨርጂኒያ ተዛውረናል። የምሠራው ዋሽንግተን፣ ሜትሮ ሴንተር ባቡር ጣቢያ አጠገብ ባለ ሆቴል ነው። አንዱን ሳምንት ከጠዋቱ 1 ሰዓት እገባለሁ፣ ሌላውን ሳምንት ከምሽቱ 5 ሰዓት እወጣለሁ። ባለቤቴ ደግሞ ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጀምሮ ትሠራለች። ያለን መኪና አንድ ነው። አሽበርን ጣቢያ አቁሜ ልሳፈር? ወደ ከተማው ቀረብ እስከሚለው ሄርንደን ጣቢያ ነድቼ የባቡሩን ጉዞ ላሳጥር? ወይስ እስከ ጣቢያው በአውቶቡስ ልሂድ?

ታክሲ ነጂው፦
ሄርንደንን እርሳው። በግሪንዌይ ከሄድክ መንገዱ የግል ነው፤ ለአንድ ጉዞ ብቻ ከ5 ዶላር በላይ ያስከፍልሃል። በዋክስፑልና በ28 ቁጥር መንገድ ከሄድክ ክፍያ የለም፤ ግን ጠዋት መብራት ለመብራት ስትቆም ታረጃለህ። የባቡሩ ዋጋም ቢሆን ጣሪያ አለው፤ በሥራ ቀን መሀል ከተማ ለመግባት ከሄርንደንም ተነሣ ከአሽበርን ያው ነው። አንድ ነገር ልጨምር፦ ወደ አውሮፕላን ማረፊያው የሚወስደው ነጻ መንገድ የተፈቀደው እዚያ ጉዳይ ላለው ብቻ ነው። ደርሰህ ዞረህ ወደ ከተማ ልግባ ብትል ቅጣት አለው። ስንት ሰው ሲቀጣ አይቻለሁ!

የቆየች ነዋሪ፦
እንኳን ደህና መጣችሁ ወንድሜ። የባቡሩ መስመር (ሲልቨር ላይን) እስከ አሽበርን የተዘረጋው በኖቬምበር 2022 ነው፤ ከዚያ በፊት መጨረሻው ዊሊ ጣቢያ ነበር፣ እዚያ ድረስ እየነዳሁ ስንት ዓመት ተንገላትቻለሁ። አሽበርን ጣቢያ የመኪና ማቆሚያ ሕንፃዎች አሉት። ጣቢያው ያለው በአውራ ጎዳናው መሀል ስለሆነ ከሕንፃው ወጥተህ በድልድይ ትሻገራለህ። ከቤትህ በኩል ያለውን ምረጥ። ቀጥሎ ያለው ጣቢያ ሎደን ጌትዌይም ማቆሚያ አለው፤ ዙሪያው ግን መኖሪያ ሰፈር የለውም፣ ማታ ጭር ይላል። እኔ አልወደውም። ሬስተን ታውን ሴንተር ጣቢያ ደግሞ ለተሳፋሪ ማቆሚያ ስለሌለው አትድከም።

በብስክሌት የምመላለስ፦
ብስክሌት በማንኛውም ሰዓት ባቡር ውስጥ ይገባል፣ ከ2019 ወዲህ በመጨናነቂያ ሰዓትም አይከለከልም። በክረምት ግን አልመክርም።

የምሽት ፈረቃ ሠራተኛ፦
ሁላችሁም ስለ ጠዋቱ ታወራላችሁ፤ የእሱ ችግር ማታ ነው። ከምሽቱ 5 ሰዓት ወጥቶ አሽበርን ሲደርስ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ያልፋል፤ ባቡሩ ብቻውን አንድ ሰዓት ያህል ይወስዳል። በዚያ ሰዓት አውቶቡስ ተስፋ አታድርግ። ስለዚህ የማታው ሳምንት መኪናው ያንተ ይሁን፤ አሽበርን አቁመው። ባለቤትህ ቀን አውቶቡስ አለላት፦ እስከ ጣቢያው በአውቶቡስ፣ ከዚያ ደለስ ሁለተኛው ጣቢያ ነው። ከባቡሩ ወርዳ በምድር ውስጥ መተላለፊያ ተርሚናሉ ትገባለች። የጠዋቱ ሳምንት ደግሞ መኪናው የእሷ ይሁን፤ በማለዳ ጣቢያ አውርዳህ ትመለስ፣ ከሰዓት በኋላ አንተ በአውቶቡስ ግባ። ማቆሚያ የምትከፍለው በማታው ሳምንት ብቻ ይሆናል ማለት ነው። ባቡሩ በሥራ ቀን የሚጀምረው ከሌሊቱ 11 ሰዓት ገደማ ስለሆነ ለ1 ሰዓት ሥራህ ትደርሳለህ።

ጠያቂ፦
እግዜር ይስጥልኝ። መኪናውን በየሳምንቱ መለዋወጥ ጨርሶ አልታየኝም ነበር። የቀረችኝ አንዲት ጭንቀት፦ ማታ ባቡር ቢያመልጠኝስ?

የምሽት ፈረቃ ሠራተኛ፦
የሚቀጥለውን ትጠብቃለህ፤ ማታ ግን ልዩነቱ ሰፋ ይላል። የመጨረሻው ባቡር ከሜትሮ ሴንተር የሚነሣበትን ሰዓት ከጣቢያው ሰሌዳ ላይ በስልክህ ፎቶ አንሥተህ ያዝ። ልብስ ስትቀይር ወሬ አታብዛ!

ጠያቂ፦
ባለቤቴ ይህን አንብባ እየሳቀች ነው። ወሬ እንደማበዛ ማን ነገራችሁ?