ማዳበሪያ አልወስድም ያለ ገበሬ ፈሪ ነው?

የወለንጪቲ ልጅ፦
ትናንት አዳማ ሻይ ቤት ቁጭ ብዬ አጠገቤ ያለ ሰውዬ «የቦሰት ገበሬ ያልተለወጠው ፈሪ ስለሆነ ነው፤ ማዳበሪያና ምርጥ ዘር በዱቤም ቢሆን ግድ ይውሰድ» ሲል ሰማሁ። ቦሰት የኛ ወረዳ ነው፤ ደሜ ፈላ። እስቲ እናንተ ፍረዱ።

ባለ ወፍጮ፦
ሰውዬው ምን አጠፋ? ማዳበሪያ ያገኘና ያላገኘ ማሳ ጎን ለጎን ሆኖ አይተህ አታውቅም? ሁልጊዜ ክፉውን ዓመት እያሰቡ ከዘሩ ደጉም ዓመት በባዶ ያልፋል። ዘንድሮ ባይዘንብ ከርሞ ይዘንባል!

የወለንጪቲ ልጅ፦
ጋሼ፣ እስከ ከርሞ ማን ያቆየዋል? አባቴ ሰኔ ላይ የሚያደርገውን ልንገርዎት። ማሳው መሃል ይንበረከክና አፈሩን በእጁ ይምሳል። ጨብጦ ይለቀዋል። ከተበተነ ወደ ቤት፤ ከተጣበቀ በሬ ይጠመዳል። ዝናቡ ቀደም ብሎ ከጣለ በቆሎና ማሽላ ይዘራል፤ ከዘገየ ጤፍ ወይም ቦሎቄ። የዘራው በቅሎ ደርቆበት እንደገና የዘራበት ዓመትም አለ። ይሄ ሰው ነው ፈሪ? በራሱ ዘርና ጉልበት ሲወራረድ ኖሯል። እምቢ ያለው በብድር መወራረድን ነው።

ተማሪ ነኝ፦
ይሄ እኮ ተጠንቷል። ስቴፋን ዴርኮንና ሉክ ክሪስቲያንሰን እ.ኤ.አ. በ2011 ከኢትዮጵያ ገጠር በተሰበሰበ መረጃ ያሳዩት ይህንኑ ነው፤ ምርት ሲጠፋ የሚላስ የሚቀመስ አጣለሁ ብሎ የሚሰጋ ቤተሰብ ማዳበሪያ ይቀንሳል።

ባለ ወፍጮ፦
ታዲያ እኔስ ምን አልኩ? ስጋቱ እያደኸየው ነው።

የግብርና ባለሙያ ነኝ፦
ሁለታችሁም አንድ ነገር ዘላችኋል። ኤንፒኤስ የሚባለው ማዳበሪያ ከዘር ጋር ነው የሚገባው፤ ዝናቡ ሳይታወቅ ገንዘቡ አፈር ውስጥ ገባ ማለት ነው። ሌላው ማዳበሪያ፣ ዩሪያው፣ ግን በቆሎው ጉልበት እስኪደርስ ይጠብቃል። ሰማዩ ከጨከነ ይተዋል። «ሙሉውን ፓኬጅ ወይም ምንም» ስንለው ይቺን የማመዛዘኛ ጊዜ ነው የምንነጥቀው። ዘሩም ቢሆን ያው ነው፤ በ90 ቀን ገደማ የሚደርሰው የበቆሎ ዘር መልካሳ-1 እዚሁ አፍንጫችን ሥር፣ መልካሳ ምርምር ማዕከል የወጣ ሆኖ ሳለ፣ ረጅም ክረምት የሚፈልገውን ቢኤች 660 በቆሎ ቦሰት ላይ ዝራ ማለት ግፍ ነው።

ባለ ወፍጮ፦
እሺ፣ ኢንሹራንስ ይግባላችሁ።

ተማሪ ነኝ፦
በ2001 ዓ.ም. ትግራይ አዲ ሓ ላይ በ200 ቤተሰብ ተጀምሮ ነበር። ጥሬ ገንዘብ የሌለው በጉልበት ሥራ እየከፈለ ይገባ ነበር። ክፍያው የሚወሰነው ግን ማሳህ ታይቶ አይደለም፤ በዝናብ መለኪያና በሳተላይት ነው።

የወለንጪቲ ልጅ፦
ችግሩም እሱ ነው። አጎቴ ገብቶ ነበር፤ የኩባንያውን ስም ተዉት። የሱ ጤፍ አመድ ሲሆን ከጉብታው ወዲያ ማዶ ዘንቦ ነበር። «አካባቢያችሁ ደህና ነው» ተባለ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይሉ የለ፣ ከዚያ ወዲህ ቅጹን የሚያመጡትን ልጆች ቡና አጠጥቶ ይሸኛቸዋል።

አሁን ጋሼ «ከርሞ ይዘንባል» ወዳሉት ልምጣ። በ2007 ክረምት ዝናቡ ጠፋ፤ በዓመቱ በአገሪቱ 10.2 ሚሊዮን ሰው አስቸኳይ እርዳታ ያስፈልገዋል ተባለ። እኛ ቤት የማዳበሪያ ዕዳ ነበረብን። ከጥንዱ አንዱ በሬ ወለንጪቲ ገበያ ወጣ፤ ያኔ ሁሉም ሻጭ ስለነበር በርካሽ ሄደ። በ2008 መዝነቡንስ ዘነበ። አባቴ ግን የቀረውን በሬ ከጎረቤት ጋር አቀናጅቶ ተራ ይጠብቃል። ተራው ሲደርስ የዘር ጊዜ አልፏል። ደጉ ዓመት በባዶ ያለፈው በፍርሃት አልነበረም፣ ጋሼ።

ባለ ወፍጮ፦
ይሄንን አላውቅም ነበር፤ አዝናለሁ ልጄ። ግን አንድ ልጠይቅህ። ዕዳው ዝናብ በጠፋ ዓመት ወለድ ሳይቆጥር ወደሚቀጥለው ይሸጋገር ቢባል አባትህ ይወስዱ ነበር?

የወለንጪቲ ልጅ፦
ደውዬ ጠየቅኩት። «ጠፋ የሚለው ማነው፣ እኔ ወይስ ሳተላይቱ?» አለኝ።